መምህሩና መጽሐፉ፦ መልካም ንባብን እርስ በርስ ስለ መጠቆም



በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ከመንፈሳዊ ሕይወት ራቅ ያለ ይመስለን ይሆናል። ጉዳዩም መምህራን ለራሳቸው ዕውቀትና ለራሳቸው መንፈስ የሚያነቧቸውን መጻሕፍት አንዱ ለሌላው ስለ መጠቆም ነው። ነገር ግን በየቁምስናችን እሑድ ትምህርተ ክርስቶስ ከሚያስተምሩት መካከል ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠመኔ ይዘው በሰሌዳ ፊት የሚቆሙ እንዳሉ እናውቃለን። ልጆቻችንም ከወላጆቻቸው ቀጥሎ ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፉት ከመምህሮቻቸው ጋር ነው። ስለዚህ መምህሩ ምን ያነባል የሚለው ጥያቄ የቤተሰብም የቁምስናም ጥያቄ ነው።

1. ጉዳዩ ስለ ምን ያሳስበናል?

ሀደሮ በከምባታ ምድር የምትገኝ፣ በእንሰትና በዝንጅብል የምትታወቅ አገር ናት። በእንዲህ ያሉ ከተሞቻችን በገበያ ቀን የማይገኝ ነገር ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ግን መጽሐፍ ነው። አንድ መምህር የሚፈልገውን መጽሐፍ ለማግኘት ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ሰው መጠበቅ፣ አለዚያም ከአዲስ አበባ ማስላክ ይገባዋል። ደመወዙም ከቤት ኪራይና ከእህል ዋጋ ተርፎ ለመጽሐፍ የሚበቃ አይደለም። በዚህ ምክንያት ከኮሌጅ ከወጣ በኋላ ከመማሪያ መጽሐፉና ከመምህሩ መምሪያ በቀር ሌላ ሳያነብ ዓመታት የሚያልፉበት መምህር ጥቂት አይደለም። ይህን የምንለው ለወቀሳ ሳይሆን ችግሩን በስሙ ለመጥራት ነው።

ያላነበበ መምህር ከጉድጓድ ውኃ እየቀዳ ጉድጓዱ ዳግመኛ እንዲሞላ ጊዜ እንደማይሰጥ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ውኃ ይወጣል፤ በአሥረኛው ዓመት የሚወጣው ጭቃ ይሆናል። ተማሪውም መምህሩ መጽሐፍ ይዞ ሲያነብ አይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ንባብ ለፈተና ብቻ የሚሸከሙት ቀንበር ይመስለዋል።

ቀንበሩም ቢሆን ፍሬ አላፈራም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በመምህራን ላይ ብቻ የሚጫንም አይደለም። ሆኖም አንብቦ የመረዳት ልማድ ባልተተከለበት ቦታ የትኛውም የትምህርት ዓይነት ሥር ሊሰድ እንደማይችል የታወቀ ነው።

2. መጽሐፍን መጠቆም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው የሀገራችን ሰው፣ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ፤ ፊልጶስንም ከአጠገቡ አስቀመጠው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛ፣ መጽሐፉ ብቻውን አልበቃም፤ አብሮ የሚቀመጥ ሰው አስፈለገ። ሁለተኛ፣ ፊልጶስ የጀመረው ጃንደረባው ካነበበው ስፍራ ነው እንጂ ሌላ መጽሐፍ በግድ አላስያዘውም።

ቅዱስ ጳውሎስም በእስር ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ከበርኖሱ ጋር መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም የብራናዎቹን፣ እንዲያመጣለት ይለምናል። ሞቱ በቀረበበት ሰዓት እንኳ ሐዋርያው ማንበብን አልተወም።

የቅዱስ አጎስጢኖስ ታሪክ ለጉዳያችን ከሁሉ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ386 ሚላኖ ሳለ ጰንጢቅያኖስ የሚባል ያገሩ ሰው ሊጠይቀው መጣ። በጠረጴዛ ላይ የጳውሎስን መልእክታት አይቶ ተደነቀ፤ ወሬያቸውም ወደ አባ እንጦንስ ሕይወት ዞረ። በትሪየር ከተማ ሁለት የቤተ መንግሥት ሹማምንት የእንጦንስን ገድል በአንድ ጎጆ አግኝተው እንዴት ሕይወታቸውን እንደ ለወጡ ተረከለት። አጎስጢኖስ በዚያ ወሬ ልቡ ተነካ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ወደ ክርስቶስ ተመለሰ። የእንጦንስን ገድል የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ እርሱም ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የቀባልን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ነው። አንድ መጽሐፍ ከእስክንድርያ ተነሥቶ ትሪየር ደረሰ፤ ከዚያም በአንድ እንግዳ አንደበት አጎስጢኖስን አገኘ።

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት እግሩ ተሰብሮ በተኛበት ጊዜ የጀብዱ ታሪኮችን ለንባብ ጠይቆ ነበር። በቤቱ አልተገኙምና የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል የያዙ መጻሕፍት ተሰጡት። መጻሕፍቱን የሰጡት ሰዎች ያን ቀን ምን እንደ ሠሩ አላወቁም።

3. በሀገራችን የነበረው ልማድ

በሀገራችንም መጽሐፍን ማሳወቅ እንደ ቁም ነገር የተያዘ ሥራ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት በዝርዝር መዝግበው ካታሎግ አሳትመዋል፤ የ1920 ዓ.ም. እትም ይታወቃል። እርሳቸው ራሳቸው ብዙ መጻሕፍት የደረሱ ሲሆኑ የሌሎችን ድካም ለአንባቢ ማስተዋወቅን እንደ ትንሽ ነገር አልቆጠሩትም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው በዳንግላና በደብረ ማርቆስ መምህር ነበሩ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተማርከው ሰባት ዓመት ያህል በኢጣልያ ግዞት ቆይተዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተተረከ ጊዜ ፊደል ላልቆጠረው ሰው ጭምር ደረሰ። በዚያ ዘመን ጎረቤት ወደ ጎረቤት ቤት ሄዶ ትረካውን ያዳምጥ ነበር። መጽሐፍ ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ የሕዝብ ወሬ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን እናስታውሳለን። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር፤ እርሱም ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ከዚያች ተራ መጽሐፍ የተነሣ የንባብ ፍቅር አድሮባቸው በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሀዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። እንግዲህ ባልንጀራችን የሚያነበውን ቀላል መጽሐፍ አይተን ከመናቃችን በፊት ይህን እናስብ።

4. የምንጠቁመው መንፈሳዊ መጽሐፍ ብቻ ነውን?

ይህ ጥያቄ በብዙ ካቴኪስቶች ልብ ውስጥ ያለ ነው። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1559 ጀምሮ የተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ ነበራት። ይህ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1966 የሕግነት ኃይሉ ቀረ፤ የምእመኑ የበሰለ ኅሊና የማመዛዘን ኃላፊነት ተሰጠው። ኃላፊነት ሲሰጥ ግን ሥራው በዛ እንጂ አልቀነሰም። መዝገቡ ይወስንለት የነበረውን አሁን አንባቢው ራሱ፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር እየተመካከረ፣ ሊወስን ይገባል። መጽሐፍን እርስ በርስ መጠቆም አስፈላጊ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ አሕዛብ ድርሰቶች ለወጣቶች ባስተማረው ትምህርት የንብን ምሳሌ ሰጥቷል። ንብ በሁሉም አበባ ላይ እኩል አታርፍም፤ ባረፈችበትም ላይ ያለውን ሁሉ አትወስድም፤ ለማር የሚሆነውን ቀስማ ሌላውን ትተዋለች። በደጁ ቀፎ የሰቀለ ገበሬ ይህን ምሳሌ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም ከማረፋቸው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሥነ ጽሑፍ በሰው ሕንጸት ውስጥ ስላለው ድርሻ መልእክት ጽፈዋል። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በአርጀንቲና በሳንታ ፌ ከተማ ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ተማሪዎቻቸው የታዘዘውን ጥንታዊ ግጥም ትተው የዘመኑን ደራሲ ለማንበብ ፈለጉ። እርሳቸውም ጥንታዊውን በቤታቸው እንዲያነቡ፣ በክፍል ውስጥ ደግሞ በወደዱት ደራሲ ላይ እንዲወያዩ ፈቀዱ። ከሚወዱት የጀመሩት ተማሪዎች ኋላ ወደ ሌላውም ደረሱ።

ይህ ሁሉ ሲባል ቅዱስ መጽሐፍ ከንባባችን መካከል አንዱ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። የዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ ኅዳር 9 ቀን 1958 ዓ.ም. በወጣው ስለ መለኮታዊ መገለጥ በሚናገረው ድንጋጌው ካህናትን፣ ዲያቆናትንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን በተለይ ጠርቶ ቅዱስ መጽሐፍን ዘወትር እንዲያነቡ አሳስቧል። መሠረቱ ይህ ነው፤ ሌላው ንባብ በመሠረቱ ላይ የሚሠራ ቤት ነው።

5. ለመምህራን የምንጠቁማቸው አራት መጻሕፍት

ሀ. «ፍቅር እስከ መቃብር»። ብዙዎቻችን ታሪኩን በወሬ እናውቀዋለን፤ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበብን ግን ጥቂቶች ነን። መምህር ሲያነበው በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር መሆኑን ልብ ይበል። የማስተማርን ክብርና የመምህሩን ድህነት ጎን ለጎን ያሳያል።

ለ. ቅዱስ አጎስጢኖስ ለዲያቆን ዴዎግራጥያስ የጻፈው፣ ጀማሪዎችን ስለ ማስተማር የሚናገረው ድርሳን። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ400 ዓመት ገደማ ነው። ዲያቆኑ አንድ ዓይነት ትምህርት ደጋግሞ ማስተማር እንዳሰለቸውና ንግግሩ ለራሱ እንኳ እንዳልጣመው ተናግሮ ነበር። አጎስጢኖስ የመሰልቸትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ዘርዝሮ መድኃኒታቸውን ይሰጣል። ለመማር የመጣው ሰው የተማረ ከሆነም ምን መጻሕፍት እንዳነበበ አስቀድሞ መጠየቅ መልካም እንደ ሆነ ይመክራል። በእንግሊዝኛ ይገኛል።

ሐ. «ደብዳቤ ለአንዲት መምህርት»። በኢጣልያ ተራራማ አገር ባርቢያና በምትባል መንደር ዶን ሎሬንሶ ሚላኒ የተባሉ ካህን ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ነበራቸው። ስምንት ተማሪዎቻቸው በአንድነት ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ከትምህርት ቤት እየወደቁ የሚወጡት የገበሬና የሠራተኛ ልጆች መሆናቸውን በቁጥር አስደግፈው ይሟገታሉ። ቃሉ መራራ ነው፤ ተማሪን «ደካማ» ብሎ ለሚያልፍ መምህር ግን የሚጠቅም መራራ መድኃኒት ነው። ይህም በእንግሊዝኛ ይነበባል።

መ. «ትንሹ ልዑል» በከምባትኛ። ፈረንሳዊው ደራሲ አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተመው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2018 «ቃኪቹ ላሃ» በሚል ርእስ በከምባትኛ ታትሟል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ በዚያ ቋንቋ የሚነበብ ግን ጥቂት ነው። የከምባትኛ መምህር ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ቋንቋው ትልቅ ሐሳብ ለመሸከም እንደሚችል በዓይኑ ያያል። ለሀዲይኛና ለሌሎቹ ቋንቋዎቻችን መምህራንም እንዲህ ያለ ሥራ እንዲጀምሩ ያነሣሣል።

6. እንዴት እንጠቁም?

አንደኛ፣ ያነበብነውን ብቻ እንጠቁም። ስሙን የሰማነውን መጽሐፍ እንዳነበብነው አድርገን ማመስገን በባልንጀራ ላይ የሐሰት ምስክርነት ይሆናል። ያላነበብነው ከሆነ «ሰምቼዋለሁ፤ አብረን እንየው» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ለሰውየው የሚስማማውን እንምረጥ። በሐዘን ያለችን እኅት፣ ወይም ገና ሥራ የጀመረን ወጣት፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይጠቅማቸውም። ፊልጶስ እንዳደረገው አስቀድመን ምን እንደሚያነቡ እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ስም ብቻ አንስጥ። የመጽሐፉን ርእስ፣ ደራሲውን፣ የተጻፈበትን ቋንቋ፣ የት እንደሚገኝና ስለ ምን እንደ ወደድነው በሁለት መስመር እንጻፍ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንድ ደብተር አስቀምጦ ሁሉም ያነበበውን እንዲመዘግብ ማድረግ ወጪ የለውም። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ ራሱ ካታሎግ ይሆናል።

አራተኛ፣ መጽሐፉ የሚገኝበትን መንገድ አብረን እንፈልግ። የማይገኝ መጽሐፍን መጠቆም የተራበን ሰው ስለ ግብዣ እያወሩ እንደ መሸኘት ነው። ዕቁብ ሁላችንም እናውቃለን። አሥራ ሁለት መምህራን ቢሰባሰቡና እያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ ቢገዛ፣ መጻሕፍቱም በየወሩ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፉ፣ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ እያንዳንዱ በዓመት አሥራ ሁለት መጻሕፍት ያነባል። የወሰደው ስሙንና ቀኑን ይጻፍ፤ መጽሐፉንም በወረቀት ይሸፍን፤ በቀኑም ይመልስ።

አምስተኛ፣ ጊዜውን በልኩ እንያዝ። በቀን 10 ገጽ የሚያነብ ሰው ባለ 300 ገጹን መጽሐፍ በአንድ ወር ይጨርሳል። ብዙ ለማንበብ ተነሥቶ በሦስተኛው ቀን ከመተው ጥቂት እያነበቡ መጽናት ይሻላል።

7. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስ፣ ወንጌላዊና ሙስሊም በአንድ አግዳሚ ይቀመጣሉ። መጽሐፍን እንደ ወጥመድ ተጠቅመን ባልደረባችንን ወደ ራሳችን ለመሳብ ብንሞክር በመካከላችን ያለው መተማመን ይጠፋል፤ ደብተሩም ይዘጋል። ስለ እምነታችን የሚጠይቀን ሲኖር በግልጥ እንንገረው፤ ያልጠየቀንን ግን መልካም ንባብ ብቻ እናካፍለው። እርሱ የሚጠቁመንንም በአክብሮት እንቀበል፤ ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ መሆን የትዕቢት አንዱ መልክ ነውና።

ሌላው ጉዳይ የደራሲው መብት ነው። ዛሬ ብዙ መጻሕፍት ያለ ደራሲው ፈቃድ ፎቶ ተነሥተው በስልክ ይዘዋወራሉ። ይህን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክላል፤ ለኅሊናም ከሰባተኛው ትእዛዝ ጋር የሚጋጭ ነው። ድህነታችን እውነት ነው፤ የደራሲውም ድህነት እንዲሁ። አንዱን የተገዛ መጽሐፍ ለብዙዎች ማዋስ ግን የማንንም መብት አይነካም፤ ስለዚህ ከስልኩ ይልቅ የመጽሐፍ ዕቁቡን እንምረጥ።

በመጨረሻም፣ የባልደረባችንን አለማንበብ ለማጋለጥ መጽሐፍን አናንሣ። «ይህን እንኳ አላነበብክም?» የምትለዋ አንዲት ቃል ብዙ አንባቢዎችን ገና ሳይወለዱ ገድላለች።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው አንድ ዓመት ከሥራ ግዴታ ውጭ ያነበብነው መጽሐፍ የትኛው ነው? ማን ጠቆመን?
2. በቁምስናችን ወይም በትምህርት ቤታችን በመደርደሪያ ተቆልፈው የተቀመጡ መጻሕፍት አሉን? ቁልፉ በማን እጅ ነው? እንዴት ለአንባቢ ሊደርሱ ይችላሉ?
3. በአፍ መፍቻ ቋንቋችን የታተሙ መጻሕፍት የትኞቹ ናቸው? ለልጆቻችንስ አንብበንላቸዋልን?
4. የመጽሐፍ ዕቁብ ብንጀምር የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት መጻሕፍት የትኞቹ ይሁኑ?

በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ መጽሐፍ አንብበን ለአንድ ሰው ብቻ እንድንጠቁም እንማጸናለን። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ እንግዳ ስለ አንድ መጽሐፍ ያወራው ወሬ ለቤተ ክርስቲያን አጎስጢኖስን እንዳስገኘ አንርሳ። የጥበብ ምንጭ የሆነ አምላክ የመምህሮቻችንን ድካም ይባርክ፤ ንባባቸውንም ለልጆቻችን ብርሃን ያድርገው። አሜን።